ካርታ ይዞ ችሎት መቅረብ፦ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመሬት ሙግት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሁለት መንደሮች ወይም ሁለት ገዳማት በመሬት ሲጣሉ ካርታ አሠርተው ፍርድ ቤት ይቀርቡ ነበር ወይ? ከቀረቡስ ዳኛው እንደ ማስረጃ ይቀበለው ነበር? ወይስ እንደኛ አገር ሽማግሌና ምስክር ነው ነገሩን የሚጨርሰው? ካርታ ራሱን ችሎ መቆም የጀመረውስ መቼ ነው?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይቀርቡ ነበር። ግን ነገሩ እየተዘወተረ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በተለይ ከ1400 ወዲህ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ካርታ ብቻውን ግን አያስፈርድም ነበር። ዳኛው የሚፈርደው በምስክርና በጽሑፍ ሰነድ ነው። ካርታው የሚያገለግለው ሩቅ የተቀመጠው ዳኛ ምስክሮቹ የትኛውን ወንዝ፣ የትኛውን መስቀል እያሉ እንደሆነ እንዲገባው ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ካርታ በእጁ ያለ ሰው «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ያኔ እንደዚያ ብሎ የሚናገር ቢኖር ዳኛው «ምስክሮችህስ?» ይለው ነበር።

ረጅሙ መልስ ከዚህ ይጥማል። ካርታ ባልነበረበት ጊዜ እንዴት ይሟገቱ እንደነበር ካላየን ግን ካርታው ለምን እንደመጣ አይገባንም። ከዚያው ልጀምር።

በ1100ዎቹና በ1200ዎቹ የአውሮፓ ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ድንበር ማለት ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዛፍ፣ ከዛፉ እስከ ጅረቱ፣ ጅረቱን ተከትሎ እስከ አሮጌው መንገድ ማለት ነው። ሰነድ ሲጻፍም በዚሁ መልክ ነው። በምሥራቅ የእገሌ እርሻ፣ በምዕራብ የገዳሙ መሬት፣ በሰሜን ወንዙ ያዋስነዋል ይባላል። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኛም የመካከለኛው ዘመን የጉልት ሰነዶች በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ሲሰፍሩ ሁሉም ነገር በቃላት ነው የተነገረው።

እንግሊዝ አገር ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት ቀናት የደብሩ ሰው ቄሱን አስቀድሞ ወሰኑን ይዞር ነበር። ልጆችም አብረው ይሄዳሉ። ከወሰን ምልክት ላይ ሲደርሱ ልጁን በቀንበጥ ሸንቆጥ ማድረግ ወይም ከድንጋዩ ጋር ማላተም የኋላ ዘመን ሰዎችም ያቆዩት ልማድ ነው። ጭካኔ ቢመስልም ዓላማ አለው። ልጁ ከ50 ዓመት በኋላ ምስክር ይሆናል። የተመታበትን ቦታ ደግሞ ማን ይረሳል?

ጠብ ሲነሳ ከአካባቢው የተመረጡ ሰዎች ይማላሉ፤ ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ሽማግሌው የሚጠየቀው ስለ መብት ብቻ አይደለም። ዕድሜህ ስንት ነው፣ እዚህ ከብት የጠበቅኸው መቼ ነው፣ አባትህ ስለዚህ ድንጋይ ምን ነገረህ ይባላል። በእንግሊዝ ሕግ በመሬት የተከሰሰ ሰው «የምትለው መሬት በዓይን ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፈረንሳይም ተመሳሳይ ሥርዓት ነበር። ተከራካሪዎቹ ዳኛው ከላካቸው ሰዎች ጋር ቦታው ድረስ ሄደው የሚሟገቱበትን መሬት በጣታቸው ያሳያሉ።

ይህ አሠራር ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። ልኬት አለማወቅም አልነበረም። የእንግሊዝ ገበሬና የመሬት ሹም ኤከር ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። 16 ጫማ ከግማሽ ርዝመት ባለው ዘንግ እየለካ፣ በአንድ በኩል 4 በሌላ በኩል 40 ዘንግ የሆነውን መሬት አንድ ኤከር ይላል። ለክቶ ሲጨርስ ግን ቁጥሩን በጽሑፍ ያሰፍረዋል። ሥዕል ላይ ለማኖር ምንም ምክንያት አላየም። ይህን የምለው ሰዎች ብዙ ጊዜ «ካርታ ያልሠሩት ስለማይችሉ ነው» ስለሚሉ ነው። አይደለም። የካንተርበሪ ካቴድራል መነኮሳት በ1160 ገደማ የውኃ ቧንቧቸውን ሥርዓት በሚገባ በንድፍ አስቀምጠዋል። መሬት ግን ቧንቧ አይደለም፤ ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ አልሳሉትም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ዳኛው ራቀ። የመንደሩን ነገር መንደሩ ላይ የሚጨርሰው የአካባቢ ጌታ ቦታውን ለንጉሥ ፍርድ ቤት እየለቀቀ መጣ። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳኞች ዌስትሚንስተር ላይ ይቀመጣሉ። የፈረንሳዩ ትልቁ ፍርድ ቤት ፓርለማ ፓሪስ ነው። በ1400ዎቹ ደግሞ ቱሉዝ በ1443፣ ግረኖብል በ1453፣ ቦርዶ በ1462 የየራሳቸውን ፓርለማ አገኙ። እነዚህ ዳኞች በላቲን የተማሩ፣ ወረቀት የሚያገላብጡ የከተማ ሰዎች ናቸው። ተራራ ወጥተው ድንጋይ አያዩም። ምስክር ሰሚ ይልካሉ፤ እሱም የቃል መዓት ጽፎ ይመለሳል። «ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ካለው ጉድባ በታች» የሚል 40 ምስክር አንብቦ ማን ይገባዋል?

ሌላው ምክንያት የመሬቱ ዓይነት ነው። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ሥዕልን ከሕግ ጋር ያስታረቀውን ሰው ላስተዋውቃችሁ።

ባርቶሉስ ዘሳሶፌራቶ ይባላል። ጣሊያናዊ ነው፤ የፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር። በዘመኑ እሱን የሚያህል የሕግ ሊቅ አልነበረም። በ1355 ትምህርት ሲዘጋ ከከተማ ወጣ ብሎ በቲበር ወንዝ አቅራቢያ ሊያርፍ ሄደ። ወንዙን እያየ ግን አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ቲበር መቼም አርፎ አይቀመጥም። የአንዱን ዳር ይበላል፤ ለሌላው ዳር አፈር ይጨምራል። መሃል ላይ ደሴት ያወጣል። አንዳንዴም አልጋውን ጥሎ በሌላ በኩል ይሄዳል። ይህ ሁሉ አዲስ መሬት የማን ነው?

የሮማ ሕግ መልስ አለው። ወንዝ ቀስ በቀስ የጨመረው አፈር እዚያው ዳር ላይ መሬት ያለው ሰው ነው። መሃል ላይ የወጣ ደሴት በሁለቱም ዳር ላሉት ይከፈላል። ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋ ደግሞ የዚያ ዳር ባለቤቶች ይወስዱታል። ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ዳሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ከሁለቱ ጎረቤቶች ድንበር ወደ ወንዙ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይበቃል። ዳሩ ወደ ውስጥ ቢጎብጥስ? መስመሮቹ ይጋጫሉ። ወደ ውጭ ቢያብጥስ? መሃላቸው ማንም ያልወሰደው መሬት ይቀራል። ደሴቱ ትይዩ አምስት ባለመሬቶች ቢኖሩስ? እዚህ ላይ የቃል ሕግ ዝም ይላል።

ባርቶሉስ ራሱ እንደተረከው በሕልሙ አንድ ሰው ብዕር፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይዞለት መጣ። ጻፍ፣ አስምር፣ ክብ ሥራ አለው። ብዙም ሳይቆይ ጂኦሜትሪ ያስተማረው የፔሩጃው መነኩሴ ጊዶ እሱ ወዳለበት መጣ፤ ሥራውንም አገዘው። ቲቤሪያዲስ የሚባለው ድርሰት የተወለደው እንዲህ ነው። ስለ ተጨመረ አፈር፣ ስለ ደሴትና ስለ ተተወ የወንዝ አልጋ ይናገራል። በየገጹ በፊደል የተሰየሙ መስመሮችና ክቦች አሉ። መነሻው «ይህ ነጥብ ለማን መሬት ይቀርባል?» የሚል ነው። ዛሬ ሁለት አገሮች ባሕር ሲካፈሉ የሚጠቀሙበት የእኩል ርቀት መስመርም በሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በነገራችን ላይ ሕልሙን አላምንም። ትልቅ ሊቅ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ሲያስገባ ባልደረቦቹ እንደ ልጅ ሥራ እንዳያዩበት ፈርቶ ያበጀው መግቢያ ይመስለኛል። ሕልም ታዘዝኩ ያለን ሰው ማን ይከራከረዋል? የሆነ ሆኖ ባርቶሉስ በ1357 ሞተ፤ ድርሰቱ ግን በየዩኒቨርሲቲው ዞረ። ሥዕሎቹ የእውነተኛ ቦታ ካርታዎች አይደሉም፤ የምሳሌ ንድፎች ናቸው። ቢሆንም ለጠበቆች በር ከፈቱ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ለሙግት የሚሠራውን የቦታ ሥዕል «ቲቤሪያድ» ይሉት የነበረው በዚሁ ድርሰት ስም ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ዓይነት። ከተረፉት የእንግሊዝ የሙግት ካርታዎች ውስጥ ስንቶቹ ውኃና ረግረግ እንደሚያሳዩ ሲያዩ ይገርምዎታል። ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ የኢንክልስሙር ጉዳይ ነው።

ኢንክልስሙር ዮርክሻየር ውስጥ፣ ኡዝና ትሬንት ወንዞች ተገናኝተው ሀምበር ከሚሆኑበት ቦታ በስተ ደቡብ የነበረ ሰፊ ረግረግ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የወባ መፈልፈያ እንጂ የሚያጣላ መሬት አይመስልም። ግን ሁለት ሀብት ነበረው። አንዱ ግጦሽ ነው። ሁለተኛው ከመሬቱ እየተቆረጠ፣ ደርቆ እንደ ማገዶ የሚነድ፣ ከበሰበሰ ተክል የተሠራ ጥቁር አፈር ነው። እንጨት በጠፋበት አካባቢ ይህ ማለት ብር ማለት ነው። በጀልባ ተጭኖ ወንዙን ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል።

በ1400ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ወገኖች በዚህ ረግረግ ተጣሉ። አንደኛው የዮርክ ቅድስት ማርያም ገዳም ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ ካሉት ሀብታም ገዳማት አንዱ። ሌላው የላንካስተር መስፍን ርስት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የላንካስተሩ መስፍን በ1399 ዙፋን ላይ ወጥቶ ሄንሪ አራተኛ ተብሏል። የመስፍንነት ርስቱንም ከዘውዱ ለይቶ ለብቻው ያስተዳድረው ነበር። ስለዚህ መነኮሳቱ የሚሟገቱት ከንጉሡ የግል ርስት ጋር ነው። በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም ይባል የለ? መነኩሴም ቢሆን ሁለተኛው ላይ አልቀለደም።

በ1407 ገደማ ከዚህ ሙግት ጋር በተያያዘ ካርታ ተሠራ። ዛሬ ሁለት ቅጂው በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። አንዱ በመስፍንነቱ የሰነድ መዝገብ ውስጥ የተሳለ አነስ ያለ ነው። ሌላው ቆየት ብሎ የተሠራ፣ ትልቅና በቀለም ያሸበረቀ ነው። ወንዞቹ ዙሪያውን ይፈሳሉ። ዳር ዳሩን መንደሮች ከነቤተ ክርስቲያኖቻቸው፣ ከነቤቶቻቸው ተደርድረዋል። መሃሉን ረግረጉ ሞልቶታል።

ለምን ካርታ እንዳስፈለገ የሚገባዎት ይኼኔ ነው። ረግረግ ላይ ድንጋይ የለም፤ ዛፍ የለም፤ ጥርጊያ የለም። በሄዱበት ሁሉ ያው ሸምበቆና ያው ውኃ ነው። ውኃው ሲሞላ ደግሞ በእግር መዞር የማይታሰብ ነው። አንድን ቦታ መጥቀስ የሚቻለው ዙሪያውን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ጋር በማያያዝ ብቻ ነው። ይህን በቃል ለመናገር ገጽ ሙሉ ያስፈልጋል። በሥዕል ግን አንድ እይታ ይበቃል። ሊንከንሻየር ውስጥ ለፒንችቤክ ረግረግ በ1430ዎቹ የተሠራው ካርታም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቸርትሲ ገዳም ደግሞ በቴምስ ወንዝ ዳር ስላለው የግጦሽ መሬት ከማዶው የላልሃም ሰዎች ጋር ሲነታረክ የአካባቢውን ካርታ በሰነድ መዝገቡ ውስጥ አስገብቷል። ነገሩ ሁሌም ግጦሽ፣ ውኃና የማይጨበጥ ድንበር ነው። የታረሰ ማሳ ላይ ጠብ ሲነሳ ግን ቁጥርና አዋሳኝ በቃል ይጻፋል፤ ካርታ እምብዛም አይታይም።

እንዲህ ያለውን ካርታ በዛሬ ዓይን የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል። ሰሜን ሁልጊዜ ከላይ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምሥራቅ ነው ከላይ ያለው። አብያተ ክርስቲያናቱ ቆመው የተሳሉ ሲሆን አንዳንዱ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ብራናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየዞሩ እንዲያዩት ታስቦ ነው። መጠነ ልኬት፣ ማለትም በሥዕሉ ላይ ያለው ርቀት መሬት ላይ ካለው ጋር ያለው ቋሚ ምጥጥን፣ የለም። የተጣሉበት መሬት እንደ ዳቦ ተነፍቶ መሃሉን ይይዛል፤ የማያጣላው ደግሞ ጥግ ላይ ይጨመቃል። ይህን ስህተት ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ሰዓሊው የሚያሳየው ዳኛው ሊያውቅ የሚገባውን ነው። ሁለት መንደር መካከል ያለው ርቀት ዳኛውን ካልጠቀመው ምን ያደርግለታል? የሚጠቅመው መስቀሉ ከጅረቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው ነው።

ከእግር ጉዞ ወደ ሥዕል የተደረገውን ሽግግር በግልጽ የሚያሳየው የዳርትሙር ካርታ ነው። ዳርትሙር በዴቨን ያለ ከፍታማ የንጉሥ የአደን ደን ነው። ስሙ ደን ይባል እንጂ አብዛኛው ገላጣ የግጦሽ መሬት ነው። በ1240 በንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ትእዛዝ 12 ባላባቶች ወሰኑን በእግር ዞረው ምልክቶቹን በዝርዝር አስጻፉ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1400ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ሰው ደኑን እንደ ክብ አድርጎ ሳለው። ምልክቶቹን በዙሪያው ደረደራቸው። መሬቱ በእውነቱ ክብ አይደለም። ጉዞው ግን ከተነሱበት ቦታ ስለሚመለስ ክብ ነው። ያ ሥዕል የሚያሳየው 12ቱ ሰዎች የሄዱበትን ቅደም ተከተል ነው ብል አላጋነንኩም።

የታኔት ደሴት ካርታ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ለአንድ ሙግት ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ የገዳሙን መብት በሙሉ ለመከላከል ነው። በ1410ዎቹ ገደማ ቶማስ ኤልማም የሚባል የካንተርበሪ ቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም መነኩሴ የገዳሙን ታሪክ ሲጽፍ የታኔትን ካርታ አብሮ አስቀመጠ። በካርታው ላይ ደሴቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠመዝማዛ መስመር አለ። መስመሩ የአንዲት ሚዳቋ ሩጫ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ600ዎቹ የኬንት ንጉሥ ኤግበርት ዘመን ሁለት የንጉሥ ዘር ወንድማማቾች ተገደሉ። ገዳዩ ቱኖር የሚባል የንጉሡ ሹም ነው። እህታቸው ዶምኔቫ የደም ካሳ ይገባታል። እሷም ገንዘብ አልፈልግም፣ ያሳደግኋት ሚዳቋ በአንድ ሩጫ የዞረችውን መሬት ስጠኝ፣ ገዳም ልመሥርትበት አለች። ሚዳቋዋም ሮጠች። ቱኖር «ይህ ሁሉ መሬት በእንስሳ ሩጫ ይሰጣል?» ብሎ ሲቃወም ምድር ተከፍታ ዋጠችው። መሬቱ በኋላ ለቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ደረሰ።

ኤልማም ይህንን ከ700 ዓመት በኋላ ነው የሳለው። ሚዳቋዋ የሮጠችበትን መንገድ ማን ነገረው ብለው አይጠይቁ። የገዳሙ ይዞታ ወሰን የት እንደሆነ ያውቃል፤ ሚዳቋዋ በዚያው ላይ ሮጣለች ማለት ነው። ይሄው መነኩሴ የጥንት የመሬት ሰነዶችን ከነአጻጻፋቸው አስመስሎ በመጽሐፉ ውስጥ ገልብጧል። ከነዚህ ሰነዶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ቀደም ባሉ መነኮሳት የተፈበረኩ ናቸው። ሐሰተኛ ሰነድ በታማኝነት ተገልብጦ፣ ከአፈ ታሪክ ካርታ ጋር ጎን ለጎን! ሆኖም ሰውየውን አጭበርባሪ ብዬ አልከሰውም። እሱ ያመነበትን ነው የሳለው። መብቱ እውነት ከሆነ ማስረጃው መኖር አለበት የሚለው አስተሳሰብ በዘመኑ የተለመደ ነበር።

ወደ ፈረንሳይ ስንሻገር ነገሩ ሥርዓት እየያዘ ይሄዳል። የእንግሊዙ ካርታ ባብዛኛው አንዱ ወገን ለራሱ የሚያሠራው ነው። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ግን በ1400ዎቹ ራሳቸው ሥዕል ማዘዝ ጀመሩ። ሰዓሊ ይመረጣል። ቀያሽ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የጋሻ ዓርማ የሚሠራ የአካባቢው ሰዓሊ ነው። ያየውን በታማኝነት እንዲሥል ይምላል። ፍርድ ቤቱ ከላከው ሰውና ከሁለቱ ወገኖች ጋር ቦታውን ይዞራል። አንዱ «ያንን ወፍጮ ቤት ሳለው» ሲል ሌላው «መንገዱን ወዲህ አመጣኸው» ይላል። ሁለቱም ከተስማሙበት ሥዕሉ ከመዝገቡ ጋር ለዳኞቹ ይላካል። ካልተስማሙ ሁለት ተቃራኒ ሥዕል ይቀርባል። ያኔ የዳኛው ራስ ምታት በእጥፍ ይጨምራል።

የሮዴዝን ከተማ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ነበረች። አንዱ ክፍል የጳጳሱ ነው፤ ሌላው የአርማኛክ ጌቶች። ሁለቱ ሰፈሮች የሚጣሉት ዓመታዊ ገበያው የት ይቁም በሚል ነው። በ1495 ለዚሁ ሙግት የከተማዋ ሥዕል ተሠራ። ቤቶቹ፣ ግንቡ፣ አደባባዮቹ፣ ካቴድራሉ ይታያሉ። ዛሬ የሮዴዝ ሰው የጥንት ከተማውን መልክ የሚያየው አባቶቹ በገበያ ቦታ ስለተጣሉ ነው።

በ1460 ደግሞ በሶን ወንዝ ዳር ያሉት የታልሜ፣ የማክሲሊና የሄዩሊ መንደሮች በካርታ ተሳሉ። ጉዳዩ የቡርጎኝ መስፍንነትና የቡርጎኝ ግዛት ድንበር ነው። ሁለቱንም የሚገዛው አንድ ሰው ነው፤ ፊሊፕ ደጉ። ታዲያ ምን ያጣላል? መስፍንነቱ የሚቆጠረው ከፈረንሳይ ዘውድ ሥር ነው፤ ግዛቱ ደግሞ ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሥር። መንደሩ ወንዙን ወዲህ ከሆነ ይግባኝ የሚለው ፓሪስ ነው፤ ወዲያ ከሆነ ሌላ ቦታ። ለገበሬው ያ መስመር ግብር ለማን እንደሚከፍልና የት እንደሚከሰስ ይወስናል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ማስረጃ ነበር ወይ? በዘመኑ ሊቃውንት ሕግ ሙሉ ማስረጃ የሚባለው የሁለት የታመኑ ምስክሮች ቃል ነው። ትክክለኛ ማኅተም ያለው ሰነድም ይከበራል። ሥዕል ግን መሐላ አይምልም፤ መስቀለኛ ጥያቄም አይመልስም። ክብደት የሚያገኘው ከሰዓሊው መሐላና ከሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው። ያለዚያ የአንድ ወገን ንግግር በቀለም ተቀብቶ ማለት ነው። በኋላ በተሠሩት ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት ፊደል እየተጻፈ ከምስክሮቹ ቃል ጋር ይያያዛል። ምስክሩ «ፊደሉ ያለበት ኮረብታ» ይላል፤ ዳኛው ጣቱን እዚያ ላይ ያደርጋል። በኔ ግምት የካርታው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። የተበታተነ ምስክርነትን አንድ ቦታ ይሰበስባል።

አድልዎ የለበትም ማለት ግን አይደለም። የኢንክልስሙር ካርታ የተረፈው በማን መዝገብ ውስጥ እንደሆነ አስታውሱ፤ በመስፍንነቱ። የገዳሙ ወገን የራሱን አሠርቶ ቢሆን ኖሮ ረግረጉ ምን መልክ ይኖረው ነበር? አንድ መንደር ትልቅ አድርጎ መሳል፣ አንድ መስቀል መዝለል፣ አንድን ጅረት ሌላ ስም መስጠት ይበቃል። ከ1500 በፊት ከተሠሩት የእንግሊዝ የአካባቢ ካርታዎች የተረፉት በደርዘን የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ሙግቱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይጣላል፤ ሰነዱ ይቀመጣል። የተረፉት ባብዛኛው በሰነድ መዝገብ ውስጥ የተገለበጡት ናቸው። ያም ማለት አቅም ያለው፣ ጸሐፊ ያለው፣ ቤተ መዛግብቱ ያልተቃጠለ ወገን ካርታዎች ናቸው። የገበሬውን ወገን ሥዕል አናገኝም፤ የገበሬው ቃል ያለው በምስክሮች መዝገብ ውስጥ ነው።

ካርታ ራሱን ችሎ ወደ መቆም የተጠጋው በ1500ዎቹ ነው። መነሻው የመሬት ሙግት አልነበረም፤ መድፍ ነበር። ምሽግ የሚሠሩ መሐንዲሶች ርቀትን በትክክል መሳል ግድ ሆነባቸው። የፖርትስማውዝ ምሽግ በ1545 በመጠነ ልኬት ተነደፈ። ከዚያ ዕውቀቱ ወደ ባለርስቶች ወረደ። በ1570ዎቹ የእንግሊዝ ባለርስቶች የመሬታቸውን ካርታ በመጠነ ልኬት ማስነሣት ጀመሩ። የእንግሊዝንና የዌልስን ካርታዎች ሰብስቦ በ1579 ያሳተመው ክሪስቶፈር ሳክስተንም በኋላ ዕድሜው የግለሰቦችን መሬት እየለካ ኖሯል። ከሥራዎቹ መካከል ለፍርድ ቤት ክርክር የተሠሩ አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ በሸክላ ሥራው የታወቀው ቤርናር ፓሊሲ ለሙግት የሚሆኑ የቦታ ሥዕሎች እየሠራ ጥሩ ይከፈለው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሸክላው ገና እንጀራ ባልሆነበት ዘመን ቤቱን የደጎመው የሰው ጠብ ነው። ጀርመን ውስጥም በ1495 የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ቤት በቀጣዩ መቶ ዓመት መዝገቦቹን በሰዓሊዎች ካርታ ሞላ።

በመጠነ ልኬት የተሠራ ካርታ ላይ ዳኛው ማስመሪያ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ወገን ስንት ኤከር እንደሚደርስ ማስላት ይችላል። በኢንክልስሙር ካርታ ላይ ይህ አይሞከርም። ቢሆንም የ1500ዎቹ መጨረሻ ቀያሽ መሬቱ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱን ከመዘርጋቱ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ማስጠራት ነበረበት። መሣሪያው ርቀትን ይለካል። ልኬቱን ከየትኛው ድንጋይ መጀመር እንዳለበት የሚነግሩት ግን እነሱ ናቸው።